እትዬ እታገኝ አልታመሙም ነበር

የእትዬ እታገኝን ሞት ያወቅሁት ከሌላ ሴት ፎቶ ሥር ነው። ከዓለም ባንክ ወደ አየር ጤና በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ ስልኬን ስነካካ፣ አብረን የሠራንበት የቴሌቪዥን ጣቢያ ገጽ ላይ ጥቁር ሪባን ያለው የሐዘን መግለጫ አየሁ። «የተወዳጇ ሄራ ድምፅ በሞት ተለየን» ይላል። ከጽሑፉ በላይ ያለችው ሴት ወርቃማ ጸጉርና ሰማያዊ ዓይን አላት። ያቺ ሴት አልሞተችም። ባሕር ማዶ የምትኖር ተዋናይት ናት። የሞቱት ድምፃቸውን ያዋሷት የቀራንዮዋ እትዬ እታገኝ ናቸው፤ ስማቸው ግን አንድም ቦታ አልተጻፈም። ከሥር ያለው ሕዝብ «ነፍስ ይማር» እያለ በቁም ላለችው ፈረንጅ ያለቅሳል።

ከታክሲው ወርጄ ወደ ጣቢያው ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ ትሑት ናት። «ፎቷቸውን ስላላገኘን ነው» አለችኝ። ይህን ሁሉ ዓመት አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉት ባጅ ላይ የነበረው የማን ፎቶ ነው ብዬ ጠየቅኋት። ከሰዓት በኋላ ገጹን ስከፍት መግለጫውን አንስተውታል። አላረሙትም፣ ሌላም አላወጡም። አነሱት፣ በቃ።

ንዴቴ ሳይበርድልኝ ነው ይህን የምጽፈው። እንዲበርድልኝም አልፈልግም።

በአማርኛ ድምፅ የሰጠነው የውጭ ተከታታይ ድራማ እኛ ዘንድ «ተከራዮቹ» ተብሎ ነበር የሚታወቀው። የግሪክ አማልክት፣ የሚያመልካቸው ሰው ሲጠፋ፣ ከተራራቸው ወርደው በአንድ የባሕር ዳር ከተማ አፓርታማ ተከራይተው ይኖራሉ። ዜውስ ምግብ ቤት ከፍቶ ያየውን ሴት ሁሉ ይከተላል። ሚስቱ ሄራ የሙሽራ ልብስ ትሸጣለች። አፍሮዲት የትዳር አገናኝ ቢሮ ከፍታ ለራሷ አንድም ፍቅር አይሳካላትም። እኔ የሄርሜስ ድምፅ ነበርኩ። በጥንቱ ጊዜ የአማልክት መልእክተኛ የነበረው ሄርሜስ አሁን በሞተር ሳይክል ፒዛ ያደርሳል። ቀላል፣ የፍቅር፣ የሚያስቅ ነገር ነው፤ ሰው እራቱን እየበላ የሚያየው።

ስቱዲዮ የምንለው ቤቴል ውስጥ ያለ ተራ መኖሪያ ቤት ነበር። ግድግዳው በስፖንጅ ተለብዷል፣ ጣሪያው ግን ቆርቆሮ ነው። ዝናብ ሲመጣ ሥራ ቆሞ ሁላችንም ኮሪደር ላይ እንቀመጣለን። ጎረቤት ያለው በያጅ ሥራ ሲጀምርም እንዲሁ። እትዬ እታገኝ ያን ጊዜ አጥሩ ድረስ ሄደው በያጁን ይቆጡታል፤ እሱም የማን ድምፅ እንደሆነ ስለሚያውቅ እየሳቀ ያቆምላቸዋል። መሳቁ ግን የበለጠ ያናድዳቸው ነበር።

ከማይኩ ፊት ከመቆማቸው በፊት ጫማቸውን ያወልቃሉ፣ የጣውላው ወለል እንዳይንቋቋ። ነጠላቸውን አጣጥፈው ወንበሩ ላይ ያኖራሉ። ሌሎቻችን ደክሞን ወንበር ስንስብ እሳቸው ቆመው ነው የሚቀዱት። አንድ ቀን አዘጋጁ ናሆም ረዥም ትዕይንት ስለነበር ቁጭ ብለው ይቅዱ አላቸው።

«ተቀምጦ የሚቆጣ ሰው የት አይተሃል?» አሉት።

በወጣትነታቸው በቀበሌ የኪነት ቡድን ውስጥ ተጫውተዋል። ከዚያ ትዳር መጣ፣ ልጅ መጣች፣ መድረኩ ቀረ። ወደዚህ ሥራ የተመለሱት ልጃቸው ሜሮን አድጋ ክሊኒክ ከተቀጠረች በኋላ ነው። ሄራን እንዲሠሩ ሲጠየቁ መጀመሪያ የንስሐ አባታቸውን አማከሩ፤ የጣዖት ስም በአፋቸው መግባቱ ከብዷቸው ነበር። አባም ጥቂት አስበው፣ ስሟ አያሳስብሽ፣ በእሷ ስም የምትናገሪውን ግን ተጠንቀቂ፣ ያስጠይቅሻል ብለዋቸዋል። እትዬ እታገኝ ይህን ነገር እንደ ቀልድ ነበር የሚያወሩልን። በኋላ ሳስበው ግን ቀልድ አልነበረም።

ቁጡ ነበሩ። ይህን ሳልደብቅ ነው የምናገረው፣ ምክንያቱም አሁን ሁሉም ሰው ለስላሳ እናት ሊያደርጋቸው ይፈልጋል። ሻዩ ከቀዘቀዘ ይቆጣሉ። የጽዳት ሠራተኛዋን ሰው በስሟ ሳይጠራት ካለፈ ይቆጣሉ። ብዙ ሰው ባላቸው በድሏቸው ነው ይል ነበር። እኔም ያው መስሎኝ አንድ ቀን ዙሪያ ጥምጥም ጠየቅኋቸው። ባላቸው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አንድ ቀን እንኳ ክፉ ቃል ያልወጣው ሰው እንደነበር ነገሩኝ። ሰው ለመናደድ የግድ ራሱ መመታት አለበት ወይ ብለውም መልሰው ጠየቁኝ።

የመጀመሪያው ጠብ የተነሳው በሳቅ ነው። ዜውስ የሌላ ሴት ሻርፕ አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ቤቱ ይገባል። ሄራ ሻርፑን አይታ ትስቅና እራት ታቀርብለታለች። ከጀርባ የተመልካች ሳቅ አለ። እትዬ እታገኝ ማዳመጫውን ከጆሯቸው አወረዱ።

«ይቺ ሴትዮ ምን አግኝታ ነው የምትስቀው?»

ናሆም ኮሜዲ እንደሆነ አስረዳቸው። እሳቸው ኮሜዲ መሆኑን አልካዱም፤ የጠየቁት የሳቁን ምክንያት ነው። ናሆም ወረቀቱን ሲያገላብጥ፣ እሺ እኔ አገኝላታለሁ ብለው ማዳመጫውን መልሰው አጠለቁ። ያን ቀን የሳቁትን ሳቅ የሰማ ሰው አይረሳውም። ከሆድ ይጀምርና መሐል ላይ ይሰበራል፣ መጨረሻው ላይ ሳቅ ይሁን ልቅሶ አይታወቅም። ድራማው ሲተላለፍ አገሩ የያዘው ያንን ሳቅ ነው። ሰው የስልኩ መጥሪያ ድምፅ አደረገው።

ከዚያ በኋላ ፊታቸውን የማያውቅ ሰው ሁሉ በድምፃቸው ያውቃቸው ጀመር። አንድ ቀን ከቤቴል ወደ ቀራንዮ በታክሲ አብረን ስንሄድ ረዳቱ በክራንች የሚሄዱ ሽማግሌን ሞልቷል ብሎ ደረታቸውን ገፋ አደረጋቸው። ታክሲው አልሞላም። እትዬ እታገኝ ወርደው ከመኪናው ፊት ለፊት ቆሙ። ሹፌሩ ክላክስ ቢነፋ፣ ቢለምን፣ ቢሳደብ ንቅንቅ አላሉም። ሽማግሌው እስኪገቡና እስኪቀመጡ ድረስ ረዳቱን ልክ ልኩን ነገሩት። ይህን ጊዜ ከኋላ ወንበር አንዷ «ሄራ ናት» አለች፣ ተሳፋሪውም ስልኩን አውጥቶ እየሳቀ ይቀርጽ ጀመር። ወደ ውስጥ ሲመለሱ ፊታቸው ጠቁሮ ነበር።

«እኔ ሰው ተገፋ እላለሁ፣ እነሱ ፊልም ያያሉ» አሉኝ።

ትዕግሥት የምትባል ጎረቤት ነበረቻቸው፣ አንድ ትንሽ ሴት ልጅ ያላት። ባሏ እንደሚመታት ሰፈሩ ያውቃል፤ ሰፈሩ ማወቁን እንጂ ሌላ ነገር ሲያደርግ አልታየም። አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ትዕግሥት የእትዬ እታገኝን በር አንኳኳች። የመጣችው ልታለቅስ አልነበረም። ባሏ «ተከራዮቹ»ን አብረው ካዩ በኋላ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይላታል። ሄራ እንኳ፣ አምላክ ሆና፣ ባሏን ስቃ ታሳልፈዋለች፣ አንቺ ማን ነሽና ታኮርፊያለሽ ይላታል። እንደ ሄራ ሁኚ ይላታል። እሷም አሰበችበትና መጣች።

«ያንን ሳቅ ያስተምሩኝ» አለቻቸው። «ከሳቅሁለት ምናልባት ይተወኝ ይሆናል።»

እትዬ እታገኝ ይህን የነገሩን ሰኞ ጠዋት ኮሪደር ላይ ነው። አልጮኹም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ቃል በቃል፣ ቀስ ብለው ነገሩን። እንደዚያ ጸጥ ብለው አይቻቸው ስለማላውቅ ፈራሁ። ከዚያ ናሆም ዘንድ ገቡ። ከፊታችን ያለውን ክፍል ትርጉም አስቀድመው አንብበውት ነበር። ዜውስ በቁጣ ሳህን ይሰብራል፣ አፍሮዲት ትደውላለች፣ ሄራም በስልክ ወንድ እንዲህ ነው፣ ስቀሽ አሳልፊው ትላታለች። ይቺ ዓረፍተ ነገር ትቀየርልኝ አሉ። ናሆም አይቻልም አለ። የጣቢያው ሥራ አስኪያጅም ተጠርቶ መጣና ትከሻቸውን መታ መታ አደረገ።

«እትዬ፣ ሰው ስቆ ይተኛል እንጂ ከቴሌቪዥን ትምህርት አይወስድም» አላቸው።

«ሊማር የመጣ ሰው ትናንት ደጄ ላይ ቆሞ ነበር እያልኩህ» አሉት። እሱ ግን ስልኩ ጠርቶ ወጥቷል።

በድምፅ ሥራ ላይ አንድ ነገር አለ። ተዋናዩ ፊቱ ከታየ ቃላችን ከከንፈሩ ጋር መግጠም አለበት። ጀርባውን ከሰጠ ግን ከንፈር የለም፤ የፈለግኸውን ብትል ማንም አያውቅብህም። ሄራ ያንን ስልክ የምታወራው በመስኮት ወደ ባሕሩ እያየች፣ ጀርባዋን ሰጥታን ነበር።

ናሆም ከሰዓት በኋላ ለስብሰባ ወጣ። ስቱዲዮው ውስጥ የቀረነው እትዬ እታገኝ፣ እኔና የድምፅ ባለሙያው ቢኒያም ነን። ምስሉ መሄድ ጀመረ፣ ሄራ ዞረች፣ ስልኩን አነሳች። እትዬ እታገኝ በእጃቸው የያዙትን ወረቀት ወደ ታች አደረጉት።

«ስሚኝ ልጄ» አሉ። «የሚመታሽን ሰው አትሳቂለት። ልጅሽን ያዥና ውጪ። ወዴት ካልሽ ወደ እኔ ነይ።»

አፍሮዲት ልጅ የላትም። ቢኒያም ከመቅጃ ክፍሉ መስታወት ማዶ ሆኖ እኔን አየኝ፣ እኔም አየሁት። ከዚያ ወደ ማሽኑ ጎንበስ ብሎ «ጥሩ ነው፣ ቀጣይ» አለ።

ተላለፈ። ጣቢያው ውስጥ ማንም ልብ ያለው የለም፤ የሚያደምጠው ሰው ስለሌለ። ትዕግሥት ግን ሰምታለች። በማግስቱ ጠዋት ልጇን አዝላ፣ አንድ ፌስታል ልብስ ይዛ፣ የእትዬ እታገኝ በር ላይ ቆመች። «ወደ እኔ ነይ ብለው የለም?» አለቻቸው። እሳቸውም ወደ ውስጥ አስገቧት። ሜሮን እንደነገረችኝ፣ ትዕግሥት ቁርስ እስክትበላ ድረስ እናቷ አንድም ጥያቄ አልጠየቋትም።

ባልየው በሦስተኛው ቀን መጣ። እትዬ እታገኝ በሩን ከፍተው ደፉ ላይ ቆሙ። አንቺ ፊልም ሠሪ፣ ትዳሬን አፈረስሽ ብሎ ጮኸባቸው። ጎረቤት ሁሉ ወጣ። ያን ቀን ያሉትን ሜሮን ከነትንፋሹ ታስታውሰዋለች።

«የፈረሰው ቤት የት እንዳለ ይህ ሁሉ ሰው ያውቃል። ሁላችሁም ስትሰሙ ኖራችኋል። ዛሬ እኔን ስሙ። ይህን በር የሚያልፍ ወንድ እኔን ረግጦ ነው የሚያልፈው።»

ከጎረቤቶቹ ሁለቱ ሴቶች መጥተው አጠገባቸው ቆሙ። ከዚያ ሌላ አንድ ሽማግሌ። ሰውየው ሄደ። የሄደው ግን ወደ ቤቱ አልነበረም፤ ቤቴል ድረስ መጥቶ የስቱዲዮው በር ላይ፣ ድራማችሁ ሚስቴን አስኮበለለ ብሎ ግቢውን አተራመሰ። ያን ጊዜ ነው እነ ናሆም ቅጂውን መልሰው ያዳመጡት።

አሰናበቷቸው። አባረርናቸው ማለት ግን አልፈለጉም፣ ሕዝቡ ይወዳቸዋልና። የሚቀጥለው ክፍል ሲጀምር አንድ ጽሑፍ በማያ ገጹ ግርጌ አለፈ፦ የሄራ ድምፅ በሕመም ምክንያት ተቀይሯል። እኔ ናሆምን ይህ ውሸት ነው አልኩት። ለእሳቸው ክብር ነው አለኝ። ያን የድራማውን ምዕራፍ ጨርሼ እኔም ወጣሁ።

ያ ውሸት ምን እንዳደረጋቸው ማንም አልጠየቀም። ገበያ ሲወጡ ሰው «ተሻልዎት?» ይላቸዋል። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ጠበል ያመጡላቸዋል። «እኔ አልታመምኩም፤ አባረውኝ ነው» ሲሉ ሰዉ በሐዘኔታ አንገቱን ይነቀንቃል፣ ሕመሙ ወደ ራስ የወጣ ይመስለዋል። እንደ እሳቸው ያለች ሴት፣ ጤነኛ ነኝ ብላ መከራከር ነበረባት። ይህን ሳስብ ጥርሴን እነክሳለሁ።

በቦታቸው የገባችው ሕሊና የምትባል ወጣት ናት። እሷ ላይ ቅሬታ የለኝም። ድምፃቸውን አስመስላ እንድትሠራ ታዝዛ፣ ሳቁን ግን አልችል ብላ፣ እያለቀሰች ቀራንዮ ድረስ ሄደችባቸው። ሜሮን እናቷ ያባርሯታል ብላ ነበር። እትዬ እታገኝ አስገቧትና ሳሎኑ መሐል አቆሟት። ጫማሽን አውልቂ አሏት። ትንፋሹን ከየት እንደምታወጣው አሳዩአት። ሲሸኟት ብቻ፣ ሳቁን ወስደሽ ለማን እንደምትስቂለት አስቢበት አሏት።

ትዕግሥት ጥቂት ወራት ከእነሱ ጋር ተቀምጣ ልብስ ስፌት ተማረች። አሁን ዓለም ባንክ አንድ ክፍል ተከራይታ ትሰፋለች። ልጇ ትምህርት ቤት ገብታለች።

እትዬ እታገኝን የገደላቸው ደም ብዛት ነው፤ አንድ ጠዋት ወደቁ፣ አልተነሱም። ለቅሶ ቤት ድንኳኑ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠች ሴት፣ ንዴታቸው ነው የጨረሳቸው፣ ምነው ትንሽ ቢተዉት ኖሮ አለች። አንገቷን አዘንብላ፣ በመልካም ልብ ነው ያለችው። ተነስቼ ቦታ ቀየርኩ። ሰውየው ሚስቱን ሲመታ ዝም ያለው ሰፈር፣ ጣቢያው ሲዋሽ ያመነው ሰፈር፣ አሁን ጥፋቱን ከሟቿ ንዴት ላይ አገኘው።

ሥራ አስኪያጁም መጣ፣ ጥቁር ኮት ለብሶ። ለሁላችንም እናታችን ነበሩ አለ። ሜሮን የዚያን የተሳሳተ ፎቶ ነገር አላነሳችበትም። ልታነሳበት ይገባ ነበር፣ እሷ ግን ሌላ ነገር ነበር የምትፈልገው። በሁለት ቅጂዎች መሐል፣ ማይኩ ሳይጠፋ፣ እናቷ ዝናቡን፣ በያጁን፣ ሻዩን ሲቆጡ ተቀድቶ እንደሚቀር እኔ አንድ ጊዜ ነግሬያት ነበር። የእናቷን ተራ ድምፅ በስልኳም አላስቀረችውም። ያንን እንዲሰጧት በትሕትና ጠየቀችው። እሱም ደረቱ ላይ እጁን አድርጎ ቃል ገባላት።

አርባው አለፈ። ማንም አልደወለላትም። እኔ ቤቴል ሄጄ ቢኒያምን አገኘሁት። ዓይኔን ማየት አቃተው። እንደነገረኝ፣ ጣቢያው «ተከራዮቹ»ን ከመጀመሪያው ሊደግም ነው። የሄራ ድምፅ አንድ ዓይነት እንዲሆን የድሮዎቹንም ክፍሎች ሕሊና እንደገና ትቀዳቸዋለች። የእትዬ እታገኝን ቅጂ፣ ጥሬውንም የተላለፈውንም፣ ቦታ ያጣብባል ተብሎ እንዲጠፋ ታዝዞ አጥፍቶታል።

ለሜሮን እንዴት እንደምነግራት ሳላውቅ ቀራንዮ ሄድኩ። የእናቷ ልብሶች ታጥፈው ሶፋው ላይ ተደርድረዋል። ሻይ አቀረበችልኝ። ስለ ቅጂው ከመናገሬ በፊት እሷ ቀደመችኝ።

«አንተ የሰው ድምፅ ትሠራ የለም? እስቲ የእሷን ሥራልኝ» አለችኝ።

ሞከርኩ። ጎሮሮዬን ጠራርጌ፣ ከሄራ ንግግሮች አንዱን አስታውሼ አልኩት። አንገቷን ነቀነቀች።

«ይሄ ሄራ ናት። እማዬን ነው የጠየቅሁህ።»

አልቻልኩም። ይቅርታ ጠየቅኋት፣ ከዚያ ወጣልኝና ነገርኳት። አጥፍተውታል አልኳት። ሁሉንም። ሰው የሞተበት ቤት መጥተው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ቃል ገብተው፣ ሄደው አጠፉት። ቦታ ጠበበን ይላሉ። ይህ ሁሉ እርባና ቢስ ነገር የሚቀመጥበት ቦታ አላቸው፣ ለአንድ ሰው ድምፅ ቦታ ጠበባቸው። አልታመመችም፣ ታማለች አሉ። ሞተች፣ የሌላ ሰው ፎቶ ለጠፉ። ምን አደረገቻቸው? አንዲትን ሴት፣ ውጪ ብላ፣ ከመመታት ስላዳነች ነው? መቼም እኔ ይህን ዝም ብዬ አልተውም፣ አልኩ፤ የምናገረውን አላውቀውም ነበር።

ቀና ስል ሜሮን ዓይኗን ጨፍናለች። የጎዳኋት መስሎኝ ንግግሬን ገታሁ።

«አታቋርጥ» አለችኝ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ። «አሁን እሷን መሰልክ። ቀጥል።»

ቀጠልኩ።